ጉበት ማስታወቂያ አያነብም

«አንቲኦክሲደንት» የሚለው ቃል ሰልችቶናል። የሻይ ቅጠሉ ካርቶን ላይ አለ። የፊት ቅባቱ ላይ አለ። ጁስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከማንጎው ፎቶ ጎን በአረንጓዴ ቀለም ተጽፏል። የቴሌግራም ነጋዴዎችማ ያለ እሱ ሰላምታም አይሰጡ። «በአንቲኦክሲደንት የበለጸገ!» ይሉና ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ዱቄት በማንኪያ ሂሳብ ይሸጡልናል። ምን እንደሚሠራ ብትጠይቋቸው «መርዝ ያስወጣል» ይሏችኋል። የቱን መርዝ? ከየት? በየት በኩል? ዝም።

እዚህ ገጽ ላይ የምንጽፈው አብዛኞቻችን የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ገፍቶ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሰፈረን ልጆች ነን። ጠዋት የታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን ስልካችንን ስንከፍት ያ ዱቄት ይመጣል። ቅዳሜና እሑድ መናገሻ ሱባ ጫካ ለእግር ጉዞ ስንወጣ ደግሞ ቀጋው፣ አጋሙ፣ ኮሽሙና የዱር እንጆሪው እንደየወቅቱ መንገድ ዳር ቆሞ ያየናል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሩቁ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ «ሱፐር ፉድ» ሲባል፣ የቅርቡ ፍሬ «የእረኛ ምግብ» ነው። ይህ ያናድደናል። ጠባችን ግን ከፍራፍሬ ጋር አይደለም፤ በፍራፍሬ ስም ከሚነገረው ተረት ጋር ነው።

ተረቱ አባት አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዴንሃም ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የሚያስረጀን «ፍሪ ራዲካል» ነው የሚል መላምት አቀረበ። ፍሪ ራዲካል ማለት ኤሌክትሮን የጎደለው፣ የጎደለውንም ከጎረቤቱ የሚነጥቅ ሞለኪውል ነው። መላምቱ ሞኝ አልነበረም። በብልቃጥ ውስጥ ሲሞከርም ከዕፅዋት የተገኙ ቀለሞች እነዚህን ነጣቂዎች ዝም ሲያሰኙ ታዩ። ከዚያ በኋላ ያለው የነጋዴ ሂሳብ ነው፦ ሰውነትህ እንደ ብረት ይዝጋል፣ ፍሬው ዝገት ይከላከላል፣ ስለዚህ ፍሬውን አድርቀን እንሸጥልህ። ሂሳቡ አንድ ነገር ብቻ ረሳ። ብልቃጥ አንጀት የለውም። ጉበትም የለውም።

እስቲ አንድ የአጋም ፍሬ እንዋጥና እንከተለው። (አጋምን የከተማ ልጅ የሚያውቀው፣ ከእሱ የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል በሚለው ተረት ነው። እሾኹ ስም አወጣ፤ ፍሬው ተረሳ።) የበሰለ አጋም ጠቆር ያለ ሐምራዊ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት አንቶሳያኒን የሚባሉ፣ ከትልቁ የፖሊፌኖል ቤተሰብ የሆኑ ውህዶች ናቸው። ማስታወቂያው «አንቲኦክሲደንት» እያለ የሚያሞካሻቸው እነዚህንና ዘመዶቻቸውን ነው።

ፍሬው ትንሹ አንጀት ይደርሳል። ብዙዎቹ ውህዶች ከስኳር ጋር ተጣብቀው ነው የሚመጡት፤ የአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ ኢንዛይሞች ስኳሩን ይቆርጡታል፣ የተላቀቀው ወደ ግድግዳው ሴሎች ይገባል። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሴሎቹ እንግዳውን አያቅፉትም። ያለ ፈቃድ ኬላ እንደደረሰ ጭነት ያስቆሙትና ማኅተም ይመቱበታል፦ ግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ሰልፌት ይለጥፉበታል። አልፎ ጉበት ቢደርስ ጉበትም የራሱን ማኅተም ይጨምርበታል። የማኅተሙ ሥራ እንግዳው በውሃ በቀላሉ እንዲሟሟና በሽንት ወይም በሐሞት በኩል ቶሎ እንዲሸኝ ማድረግ ነው። ለራስ ምታት የዋጥነው ፓራሲታሞልም የሚሸኘው በዚሁ ማኅተም ነው።

ነገሩን ልብ በሉልን። ማስታወቂያው «መርዝ ያስወጣል» ያለውን ውህድ፣ ሰውነታችን ራሱን ውህዱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያስወጣዋል።

ቁጥሩን ተመልከቱ። ፍራፍሬ ከበላን በኋላ ደማችን ውስጥ የሚገኝ አንድ ፖሊፌኖል ብዙውን ጊዜ በሊትር 1 ማይክሮሞል አይሞላም፤ አብዛኛውም በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ቫይታሚን ሲ በደህና በሚመገብ ሰው ደም ውስጥ ከ50 እስከ 70 ማይክሮሞል ይደርሳል። ዩሪክ አሲድ፣ ያ ጥሬ ሥጋ ወዳጆችን በሪህ የሚያስለቅሰው፣ ከ200 እስከ 400 ነው። እሱም አንቲኦክሲደንት ነው! የደም አንቲኦክሲደንት ጉልበት ቁም ነገር ከሆነ ነጋዴዎቹ ለምን ዩሪክ አሲድ በጣሳ አይሸጡልንም?

ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን አምስት አምስት አፕል አበሏቸውና ደማቸውን ለኩ። የአንቲኦክሲደንት አቅሙ እውነትም ጨመረ። ምክንያቱ ሲፈተሽ ግን የአፕሉ ፖሊፌኖል አልነበረም። የፍሬው ስኳር፣ ፍሩክቶስ፣ ዩሪክ አሲድን ከፍ ስላደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር «ኦራክ» የሚባለውን፣ ምግቦችን በአንቲኦክሲደንት ነጥብ የሚደረድር ሰንጠረዥ ከድረ ገጹ አነሳው። ነጥቡ በብልቃጥ የተለካ እንደሆነ፣ ሰውነት ውስጥ ለሚሆነው ማስረጃ እንደማይሆንና ሻጮች አለአግባብ እየተጠቀሙበት እንደሆነ ገለጸ። ባለቤቱ የጣለውን ሰንጠረዥ የኛ ነጋዴዎች ዛሬም በኩራት ይለጥፉልናል።

«ታዲያ ፍሬው ከንቱ ነው?» የምትሉ አትቸኩሉ፤ አጋማችን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ከብዙዎቹ ፖሊፌኖሎች አብዛኛው ክፍል ትንሹ አንጀት ላይ ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ድግስ ተዘርግቶ ይጠብቃሉ። ግዙፎቹን ውህዶች ይሰባብሩና ትናንሽ አሲዶች ያደርጓቸዋል፤ እነዚህ ናቸው በኋላ ወደ ደም በደንብ የሚገቡት። እንጆሪና ሮማን ውስጥ ያለው ኤላጂታኒን ለምሳሌ በባክቴሪያ እጅ ዩሮሊቲን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። ሁሉም ሰው ግን አይለውጠውም። ያንኑ እንጆሪ የበሉ ሁለት ጓደኛሞች ደም ውስጥ የሚገኘው የተለያየ ነው፣ አንጀታቸው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስለሚለያዩ። እነዚህ ስብርባሪዎችም ሥራቸው ዝገት ማራገፍ ሳይሆን ምልክት መስጠት ይመስላል፤ ሴሎቻችን የራሳቸውን መከላከያ ኢንዛይም እንዲያመርቱ ይቀሰቅሷቸዋል ነው የሚባለው። ጥናቱ እየቀጠለ ያለው በዚህ በኩል ነው። የፍሬው አሰር (ፋይበሩ) ደግሞ እነዚያኑ ባክቴሪያዎች ይቀልባል። ካፕሱል ውስጥ አሰር አይታሸግም።

ካፕሱሉ ዝም ብሎ ብር ማባከን ብቻ ቢሆን «ይሁን፣ ብራቸው ነው» እንል ነበር። ነገር ግን በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ የካሮትና የማንጎ ቀለም የሆነውን ቤታ ካሮቲን በየቀኑ በክኒን የወሰዱት ሰዎች በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ። ይከላከላል የተባለው! ሁለት ዓመት ቆይቶ በአሜሪካ ተመሳሳይ ጥናት ጉዳቱ ሲታይ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ካሮቱ ጥፋት የለበትም። ማንም ካሮት በልቶ ያን ያህል መጠን በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ብቻውን ነጥሎ አይውጥም።

የሱሉልታ ሯጮችም አላችሁ። አትሌቶቹን አይደለም የምንለው፤ እሑድ ማለዳ በታክሲ ወጥታችሁ በብርዱ አሥር ኪሎ ሜትር ከሮጣችሁ በኋላ ብርጭቆ ውስጥ የሚፈላውን 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ የምትጨልጡትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን ውስጥ የተሠራ ጥናት በየቀኑ 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር እየወሰዱ ስፖርት የሠሩ ወጣቶችን ካልወሰዱት ጋር አነጻጸረ። ስፖርቱ ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ እንዲጠቀም ማድረግ ነበረበት፤ ክኒን ያልወሰዱት ላይ አደረገ፣ የወሰዱት ላይ ግን ለውጡ ጠፋ። ስንሮጥ የሚፈጠሩት ፍሪ ራዲካሎች ጡንቻውን «ተዘጋጅ» የሚሉ መልእክተኞች ናቸው። መልእክተኛውን ደጅ ላይ ከገደልነው ጡንቻው ከማን ይስማ? ደግሞ የደም ቫይታሚን ሲ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ላይ ሞልቶ ይቆማል። የተረፈው ወይ አይመጠጥም፣ ወይ የሱሉልታን አፈር ያጠጣል።

ጁስ ቤትም ይሰማ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት (የተሳተፉት ስምንት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ትንሽነቱን እናውቃለን) ሙዝ የገባበት ጭማቂ ፍላቫኖል የሚባሉትን ፖሊፌኖሎች ወደ ደም የሚገባውን መጠን በ84 በመቶ እንደቀነሰው አሳየ። ሌባው ሙዝ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ የተላጠ ሙዝን የሚያጠቁረው ራሱ። ተቆርጦ የቆየ አቮካዶም የሚጠቁረው በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው፣ ላዩ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ መጥቆሩ የሚዘገየውም አሲዱ ኢንዛይሙን ስለሚያዳክመው ነው። የኛ ጁስ ሠሪዎች ሎሚውን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ሦስት ማንኪያ ስኳርና ቪምቶውን ግን በአንቲኦክሲደንት ስም አታስውጡን።

አሁን የሚያንገበግበን ጉዳይ ላይ ደረስን። እነዚሁ ፖሊፌኖሎች አንድ ሌላ ችሎታ አላቸው፦ አንጀት ውስጥ ብረትን (አይረንን) ያዝ አድርገው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረት መመጠጥን በ39 በመቶ፣ ሻይ በ64 በመቶ ቀንሷል። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ቀነሰ። እኛ ቡና የምናፈላው መቼ ነው? ምሳው ተበልቶ፣ ትሪው ሲነሳ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት (ከ6 ወር ጀምሮ) 57 በመቶ የደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። መንስኤው ብዙ ነው፤ ወባም የአንጀት ትላትልም አሉበት። የብረት እጥረት ግን አንዱ ነው። እንግዲህ ለነፍሰ ጡር እህታችን «ደም ያጠራል፣ አንቲኦክሲደንት አለው» ብሎ ከምሳ ጋር አረንጓዴ ሻይ የሚያዝ ቲክቶከር ምን እያደረገ ነው? ጆሮዋ ላይ የሚያስፈልጋት ሌላ ወሬ ነበር። ቡናውን ከምሳ በፊት አድርጊው፣ ወይ አርቂው። ሽሮው ላይ ቃሪያ ስንግ ይኑር፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቂ፣ ዘይቱን ካገኘሽ ብዪ። ቫይታሚን ሲ ከምግቡ ጋር ሲገባ የእህልና የአትክልትን ብረት ወደ ደም ያስገባዋል። ይህ ምክር ቻናል የለውም፣ ምክንያቱም የሚሸጥ ጣሳ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገ የጤና ዳሰሳ ከመቶ አዋቂ ከ95 በላዩ ያን አያገኝም። ችግራችን የአንቲኦክሲደንት ነጥብ ማነስ ሳይሆን የፍሬው ራሱ አለመኖር ነው፤ ፍራፍሬ የታመመ ሰው ጥየቃ ሲኬድ በፌስታል የሚያዝ ነገር ሆኖ ቀርቷል። የዱቄቱ ጣሳ ዋጋ የስንት ወር ሙዝና ፓፓያ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን ሲጠፋባቸው እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ሕዝባቸውን ከየአጥሩ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ አስለቅመው ለልጆቻቸው ሽሮፕ ሠርተዋል። የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ማለት የቀጋችን የቅርብ ዘመድ ነው። የኛ ቀጋ ግን ሰበታና ቡራዩ ላይ አጥር ሲፈርስና ቆርቆሮ ሲቆም አብሮ እየተነቀለ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ለችግኝ ተከላ ተጠርተን እንወጣለን፤ ቀጋ ወይም አጋም ትከሉ ብሎ የሰጠን የለም።

ስለዚህ ከሁለት ወገን የምንፈልገው አለ። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የሚያስፈጽሙት መሥሪያ ቤቶች ጣሳው ላይ ያለውን «መርዝ ያስወጣል» አንብበው ሻጩን ማስረጃህን አምጣ ይበሉት፤ ብልቃጥ ሳይሆን ሰው ላይ የታየ ማስረጃ። የችግኝ ጣቢያዎች ደግሞ ከባሕር ዛፉና ከግራቪሊያው ጎን የአገር ፍሬ ያፍሉልን። በሚመጣው ክረምት ቡራዩ ላይ ጉድጓድ ስንቆፍር አንዱን ለአጋም እናስይዛለን። እሾኹን እንችለዋለን።