በወር ስንት ነው?

ቤት የገዛ ሰው ሲገኝ የአዲስ አበባ ሰው ጥያቄው ሁለት ነው። «የት ሰፈር?» እና «በወር ስንት ትከፍላለህ?»። ሦስተኛውን፣ ማለትም «ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ በስንት ገዛኸው ማለት ነው?» የሚለውን ሲጠይቅ የሰማሁት የለም። ቢጠየቅም መልስ አይገኝም፤ ገዢው ራሱ አያውቀውማ! ባንኩ ግን ያውቀዋል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ከኮምፒውተሩ አውጥቶ አንድ ገጽ ላይ ሊያትመው ይችላል። ሳይጠየቅ የሚያትም ባንክ ካለ ንገሩኝ።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ አቅርቡ። አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ብር ለ20 ዓመት ተበደረ እንበል። ወለዱን ለስሌት እንዲመቸን በዓመት 12 በመቶ እናድርገው (ከባንክ ባንክ ይለያያል)። በየወሩ እኩል የሚከፈለው 11,011 ብር ይመጣል። «ደመወዜ ይችለዋል» ብሎ ይፈርማል። በመጀመሪያው ወር ከሚከፍለው ውስጥ 10,000 ብሩ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የምትቀነሰው 1,011 ብር ብቻ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያዛንፍ ቢከፍል ከኪሱ ከ660 ሺህ ብር በላይ ወጥቷል፤ ዋናው ዕዳ ግን ገና 917 ሺህ ብር ገደማ ነው። በአሥረኛው ዓመት፣ መንገዱን አጋመስኩ ብሎ ሲያስብ፣ 767 ሺህ ብር ገደማ ይቀርበታል። 20 ዓመቱ ሲሞላ የከፈለው ሲደመር ከ2 ሚሊዮን 640 ሺህ ብር በላይ ይሆናል።

ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሆነ ዕዳው ትልቅ በሆነባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ወለዱ ክፍያውን ይውጠዋል። በዚህ ከባንኩ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ይህን ሰንጠረዥ ለተበዳሪው ሳያሳዩ ማስፈረም ላይ ነው።

እኛም ብንሆን ብድርን የምናነበው በእቁብ ዓይን ነው። በእቁብ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም መዋጮ እኩል ዋጋ አላት፤ ግማሹን የጣለ ሰው ግማሹን ጨርሷል። ከዚህ ሌላ የት እንማር? በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ ብዙው የከተማ ሰው ያደገው በጥቂት ብር ኪራይ በቀበሌ ቤት ነው። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ የሚባል ነበረን፤ ስሙ ተቀይሮ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ንግድ ባንክ ጠቀለለው። በ2005 ዓ.ም. ሕዝቡ ለኮንዶሚኒየም ሲሰለፍ በየሻይ ቤቱ የሚወራው ስለ ቁጠባው ነበር። «20/80» የሚለው ስም ራሱ ያዘናጋል። 20 እና 80 ሲደመር መቶ ነዋ! ወለድ ያለበት 80 ግን 80 ሆኖ አይቀርም። በላይኛው ስሌት ብንሄድ 211 ይሆናል። ወለዱ ዝቅ ቢልም ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ወደ 80 አይመለስም።

አሁን የዓመቱን ነገር እንመልከት። ያው ሰው ያንኑ ብር በ20 ፋንታ በ15 ዓመት ልክፈል ቢል የወር ክፍያው 12,002 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 991 ብር ብቻ! በድምሩ ግን ከ480 ሺህ ብር በላይ ይተርፈዋል። ይህን የሚነግረው ሰው ቢኖር ስንቱ ቤተሰብ ተቻችሎ ያቺን 991 ብር ይፈልጋት ነበር። የሚነገረው ግን «ረጅሙን ውሰድ፣ በወር ይቀልሃል» ነው። በወር ይቀላል፤ አዎ።

ከዚህ የሚብሰው «ባንኩ የወለድ ምጣኔውን ሊለውጥ ይችላል» የምትለዋ የውል አንቀጽ ናት። አምስት ዓመት የከፈለው ሰውዬአችን 12 በመቶው ወደ 15 ከፍ አለበት እንበል። በቀረው ጊዜ ለመጨረስ የወር ክፍያው ወደ 12,840 ብር ያድጋል። «አልችልም፣ የድሮውን 11,011 እየከፈልኩ ልቀጥል» ቢልስ? የአንዱ ወር ወለድ ብቻ ወደ 11,468 ብር ይጠጋል። እየከፈለ ዕዳው ያድጋል ማለት ነው። እየከፈለ!

«የዋጋ ንረቱ ዕዳህን ይበላልሃል፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉ ብልጦች አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ቀደም ብሎ በማይለወጥ ወለድ የተበደረ ሰው አትርፏል። ግን ወለዱ ሊለወጥ ይችላል የሚል ውል የፈረመ ሰው ያ መጠለያ የለውም፤ መጠለያው ለባንኩ ነው። ደግሞስ ንረቱ ዕዳውን የሚበላው ደመወዙ አብሮ ለሚያድግለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ሽሮና ዘይቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን የባንኩን ከምን ያመጣል?

ካቃተው መንገዱ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ጋዜጣ ስታነቡ የሐራጅ ማስታወቂያውን ገጽ ዘላችሁት አትለፉ። የተበዳሪ ስም፣ የካሬ ሜትር ስፋት፣ የመነሻ ዋጋ፤ እያንዳንዷ መስመር የሰው ቤት ናት። የሕዝብን ተቀማጭ የሚያበድር ተቋም ገንዘቡን የሚያስመልስበት ሕግ ያስፈልገዋል፤ እስማማለሁ። ታዲያ በ30 ቀን ቤት የሚያሸጥ ሥልጣን የተሰጠው አካል ከማስፈረሙ በፊት አንዲት ገጽ እንዲሰጥ ቢገደድ ምን ይጎዳዋል? ጠቅላላ ክፍያው፣ በየዓመቱ የሚቀረው ዕዳ፣ ወለዱ ሦስት በመቶ ቢጨምር የወር ክፍያው ስንት እንደሚሆን፣ የግምት፣ የኢንሹራንስና የመያዣ ምዝገባ ወጪ፣ ሁሉም በአማርኛ፣ በትልቁ ይጻፍ። አንድ የባንክ ሰው ይህን ብነግረው «ደንበኛው ደንግጦ ይሄድብናል» አለኝ። ይደንግጣ! የሚደነግጥበት ትክክለኛው ቀን ከመፈረሙ በፊት ነው።

ፈርማችሁ ለገባችሁበት ደግሞ አንድ ነገር ልንገር። ከላይ ባየነው ብድር ከመጀመሪያው ጀምሮ በየወሩ 1,000 ብር ተጨማሪ የሚከፍል ሰው ከ20 ዓመቱ አምስቱን ይቀንሳል። ብሩን መጣል ብቻ ግን አይበቃም፤ ባንኩ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ሊይዘው ይችላል። አስቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውና እንደሌለው ከውሉ ላይ አንብቡ። ከዚያ «ከዋናው ዕዳ ይቀነስልኝ» የሚል ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፉ። አንዱን ስጡ፣ ሌላውን ማኅተም አስመትታችሁ ቤት አስቀምጡ።