አሮጌው ሬንጅሮቨርና የቤተሰቡ ምክር

ባለፈው በጋ ወደ ወረታ ብቅ ባልንበት ጊዜ አንዲት ሩዝ ነጋዴ እናት «እስቲ እናንተ ፍረዱን» ብለው ወደ ግቢያቸው ወሰዱን። በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ከሩዝ ገለባው አጠገብ፣ ሟቹ ባለቤታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት በጨረታ የገዙት የእንግሊዝ ሬንጅሮቨር ቆሟል። ትልቁ ልጃቸው «ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሸጥ» ይላል። በጋራዥ ተቀጥራ የምትሠራው ሴት ልጃቸው ግን «እማዬ፣ የአባዬ ማስታወሻ ነው፤ እኔ አድሰዋለሁ» ትላለች። እናትየውን ያስጨነቃቸው ገንዘቡ ነው። በእጃቸው ያለው ከሩዝ ሽያጭ ለታናናሾቹ ትምህርት ያስቀመጡት ብቻ ነውና።

የእንግሊዝ መኪና ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው ተሽከርካሪ ዎልስሌይ የሚባል የእንግሊዝ ሥራ ነበር። ሬንጅሮቨር ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ለከተማ የሚመች፣ ለገጠር መንገድም የሚበረታ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም ለዕይታ እስከ መቅረብ ደርሷል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወንበራቸው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ወለላቸውም በውሃ ጎማ የሚታጠብ እንደነበር ስንሰማ፣ የቤት ጽዳት የምናውቅ ሁላችን ደስ ይለናል።

ታዲያ ይታደስ ወይስ ይሸጥ? መልሱ ያለው በመኪናው አጥንት ላይ ነው። የሬንጅሮቨር የውጭ ልባስ አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም። ሻሲውና ውስጠኛው ማቀፊያ ግን ብረት ነው። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲፈሱ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው በሻሲው ባዶ ሆድ ውስጥ ይቀመጥና እርጥበት ይዞ ይከርማል። ስለዚህ ብረቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው መኪና ከታች ወንፊት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም አስቀድሞ ታጥቦ፣ በመዶሻ ቀስ ተብሎ እየተመታና በካካቪቴ እየተወጋ ይመርመር። ዋናው ሻሲ በብዙ ቦታ ከተበሳ መለዋወጫውን ነጣጥሎ መሸጥ ይሻላል።

አጥንቱ ደህና ከሆነ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከቀለም በመጀመሩ ነው። ስቱኮና ቀለም ዝገትን ይሸፍናሉ እንጂ አያድኑም። አስቀድሞ በሰልባትዮው ውስጥ የከረመው ቤንዚን ተደፍቶ ይጸዳል፤ ከዚያም ብየዳ፣ ቀጥሎ ፍሬንና መሪ ይሠራል። ለዓመታት የቆመ ሞተርም ዘይቱ ሳይለወጥና በእጅ ዞሮ ሳይፈተሽ በባትሪ አይነሣም። አይጥ የበላው የመብራት ሽቦ እሳት ያስነሣልና አንድ በአንድ ይታይ። ቀለም የመጨረሻው ነው።

አሁን ደግሞ በተለይ እናቶችን ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ። በአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የተባለው ንጥረ ነገር ሊኖር ይችላል። ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ የፍሬን ብናኝ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አይነፋ፣ በደረቅ ብሩሽም አይጠረግ። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጨርቁ በላስቲክ ታስሮ ይወገድ። በአሮጌ ቀለም ውስጥ ደግሞ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ሊገኝ ይችላል። ይህም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና ቀለሙ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ ልጆችም በአቅራቢያው አይጫወቱ። የሥራ ቱታ ሳይራገፍ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ ከሕፃን ልብስ ጋርም አብሮ አይታጠብ። ቤንዚንም ከምድጃና ከልጆች እጅ ይራቅ። በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ ቤንዚን ለልጅ ውሃ ይመስለዋል።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። መኪናው ታድሶ ቢያልቅ እንኳ ወጪው አያልቅም። 3.5 ሊትር የሆነው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ቤንዚን በብዛት ይጠጣል፤ ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ገበያ መመላለሻ አይሆንም። ለእንዲህ ያለ ነገር የልጆችን የትምህርት ገንዘብ ማውጣት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

የወረታዋ እናት ቤተሰብም ምክሩን በዚሁ መንገድ ቋጨ። ጎረቤት ያለ በያጅ ተጠርቶ መኪናውን ከሥሩ መረመረው። የኋላው አግዳሚ ብረት ተበልቷል፤ ዋናው ሻሲ ግን ደህና ሆኖ ተገኘ። የትምህርቱ ገንዘብ እንዳይነካ ሁሉም ተስማሙ። ልጅቱ ከደመወዟ በየወሩ ጥቂት እያስቀመጠች አንድ አንድ ክፍሉን ልትሠራ፣ «ይሸጥ» ያለው ወንድሟም ወጪውን በደብተር ሊመዘግብ ቃል ገቡ። ሊብሬው ከሳጥን ወጥቶ በሕጋዊ ወራሾች ስም እንዲዛወርም ተወሰነ።

ስንሰናበታቸው እናትየው ልጃቸውን «ቀለሙን ገና አልጠይቅሽም፤ በመጀመሪያ ፍሬኑን አሳዪኝ» አሏት።

እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም። በየግቢያችሁ የቆመ አሮጌ መኪና ካለ፣ ጉዳዩን ለወንዶቹና ለጋራዡ ብቻ አትተዉት። ሒሳቡን ጠይቁ፣ ከሥሩ አስመርምሩ፣ የልጆቻችሁን ትንፋሽ ጠብቁ። ሙያውን የምትወድ ሴት ልጅ ካለችም መፍቻውን አትንጠቋት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።