አዲስ ፕሮሰሰር እስኪወጣ መጠበቅ ያዋጣል?

በየዓመቱ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ላስ ቬጋስ በሚካሄደው ሲኢኤስ የተባለ ዐውደ ርእይ ኢንቴልና ኤኤምዲ አዳዲስ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቻቸውን ያስተዋውቃሉ። ወሬው በዚያው ቀን አቡ ዳቢና አል አይን ላለን ኢትዮጵያውያን ይደርሳል፤ ላፕቶፖቹ ሱቅ እስኪገቡ ግን ብዙ ጊዜ ወራት ያልፋሉ። ለራሱ ወይም አገር ቤት ላለ ተማሪ ላፕቶፕ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ወገናችን በዚህ መሃል «አዲሱ ሊወጣ ነው፤ ትንሽ ታገስ» ይባላል። አዲሱ ሲደርስ ደግሞ ስለሚቀጥለው መወራት ይጀምራል። ይህ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ገዢውን ይጎዳል ባይ ነኝ። መጠበቅ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ያንን ጊዜ የሚነግረን ግን ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የአቡ ዳቢ የራሷ ታሪክ ነው። የመንግሥቷ ኩባንያ ሙባዳላ በ2007 ከኤኤምዲ 8.1 በመቶ ድርሻ ገዛ። በ2009 ኤኤምዲ የቺፕ ፋብሪካዎቹን ከራሱ ለይቶ ከአቡ ዳቢ ባለሀብቶች ጋር ግሎባልፋውንድሪስን አቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ላኖ የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ገበያው የፈለገውን ያህል ሊቀርብ አልቻለም፤ በ32 ናኖሜትር አሠራር (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሠራሩ ይረቅቃል) ከሚመረቱት ቺፖች ደኅና ሆነው የሚወጡት ከታሰበው በታች ነበሩና። ማስታወቂያው ቀኑን ቢቆርጥም የሚወስነው ፋብሪካው እንደሆነ ያኔ ታይቷል። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በኦክቶበር 2017 የወጣው የኤኤምዲ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሪያዘን 2000 በ14 ናኖሜትር፣ በጃንዋሪ 2019 የተከተለው ሪያዘን 3000 ደግሞ በ12 ናኖሜትር የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከአራት ኮር (የስሌት ክፍል) አያልፉም ነበር። ግሎባልፋውንድሪስ በኦገስት 2018 የ7 ናኖሜትር ሥራውን ሲያቋርጥ ኤኤምዲ ወደ ታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ዞረ። በጃንዋሪ 2020 የተዋወቀውና እዚያ የተመረተው ሪያዘን 4000 በስስ ላፕቶፕ ውስጥ እስከ ስምንት ኮር ይዞ መጣ። ከ2000 ወደ 3000 የተሻገረ ሰው ያገኘው ጥቂት ነው፤ አንድ ዓመት የጠበቀው ግን ብዙ አተረፈ። በስም ረገድ ሁለቱም ሽግግር እኩል የአንድ እርምጃ ነበር።

እንዲህ ያለ ዝላይ በየዓመቱ አይመጣም። ኢንቴል በ2014 የጀመረውን የ14 ናኖሜትር አሠራር በላፕቶፕ በኩል እስከ 2020 ድረስ በአዳዲስ ጀነሬሽኖች ስም ሸጧል። ኤኤምዲም በ7000 ተከታታይ ቁጥሩ ውስጥ ሪያዘን 5 7520ዩን ሲያወጣ፣ ውስጡ የነበረው ዜን 2 የተባለው የ2019 የኮር ንድፍ ነው። ስለዚህ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ኮሩ የየትኛው ዓመት ንድፍ ነው፣ ስንት ኮር አለው፣ በስንት ናኖሜትር ተሠራ የሚሉት ናቸው መልስ የሚሰጡት።

የሚቃወመኝ ሰው «አዲስ ፕሮሰሰር ዕድሜው ይረዝማል» ይለኛል። እውነት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ባለ 7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ የያዘ ሰው መቀየር ቢያስብ አልቃወመውም። ነገር ግን 8ኛው ጀነሬሽን ገበያ ላይ የዋለው በ2017 ነው። ይህ ወይም ከዚህ በላይ የሆነ የኢንቴል ጀነሬሽን ያለው ሰው በየጃንዋሪው የሚደናገጥበት ምክንያት የለም።

ሌላው ክርክር የባትሪ ነው፤ ይህን አቅልዬ አላየውም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚማር ልጅ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ከፍጥነት ይበልጣል። አፕል በኖቬምበር 2020 ኤም 1 የተባለውን ፕሮሰሰሩን ሲያወጣ ማራገቢያ የሌለው ማክቡክ ኤር ቀኑን ሙሉ ሊሠራ ቻለ፤ ያን ጊዜ መጠበቅ ተገቢ ነበር። አሁን ግን ያንን ጥቅም ለማግኘት የዘንድሮው ሞዴል ግድ አይደለም፤ የአምናውም ይሰጣል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ተብሎ በየፕሮሰሰሩ የሚጨመረው ክፍልም፣ ጽሑፍ ለሚጽፍና በኢንተርኔት ለሚማር ተማሪ ዛሬ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስወጣ አይመስለኝም።

«ከጠበቅን ይረክሳል» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። የአምናው ሞዴል አዲሱ ሲደርስ፣ በኦገስት የትምህርት መክፈቻ ወይም በኖቬምበር ነጩ ዓርብ በተባለው የሽያጭ ወቅት ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። በ2025 መጨረሻ ግን የዳታ ማዕከላት የማስታወሻ ቺፕ ፍላጎት ስለናረ የራም ዋጋ ወደ ላይ ወጣ፤ የጠበቀ ሰው የባሰ ሊከፍል የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። በብዙ ስስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለሚበየድ በኋላ ልጨምር ማለትም አይቻልም። ስለዚህ ለአዲሱ ስም የሚከፈለውን ልዩነት ወደ ራምና ወደ ማከማቻው (ኤስኤስዲ) ማዞር ይሻላል።

እህቱ ወይም ወንድሙ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባለት ሰው የሚቀጥለውን ጃንዋሪ አይጠብቅ። 16 ጊጋባይት ራም ያለውን የአምናውን ሞዴል ይግዛ፤ ከመክፈሉ በፊት ደግሞ ዋስትናው አዲስ አበባ ላይ ይሠራ እንደሆነ ሻጩን ጠይቆ በጽሑፍ ይቀበል።