ከግልባጭ የተመለሱ የቤት ጽሑፎች የት እንደሚገኙ

የአንድ ቤተሰብ ሀብት መሬትና ቤት፣ ወርቅና ብር ብቻ አይደለም። የአባት የሥራ ምስክር ወረቀት፣ የሟች እናት ፎቶግራፍ፣ የቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የልጅ ደብዳቤ፣ ይህ ሁሉ ሀብት ነው። ቀድሞ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ የነበረው ዛሬ አብዛኛው በኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ለረጅም ዘመን የፋብሪካና የምድር ባቡር ሠራተኞች በሰፈሩበት በአቃቂ ቃሊቲም የአባቱን የጡረታ ወረቀትና አሮጌ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር አስገልብጦ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ የጥገና ባለሙያው ዊንዶውስን እንደ ገና ጭኖ፣ አስቀድሞ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ የተቀመጠውን ይመልሳል። ባለቤቱ ግን ሲከፍተው ገጹን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ «ጠፋ» ብሎም ያዝናል። ከዚያም ተስፋ ቈርጦ፣ ግልባጩ ያለበትን ዲስክ አጽድቶ ለሌላ ነገር ያውለዋል። እውነተኛው ጥፋት የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ቤቱን፣ ቀኑን ወይም ፊደሉን ለወጠ እንጂ አልጠፋምና።

ስለ ቤቱ አስቀድመን እንናገር። ዩዘርስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በስሙ የተከፈተ እልፍኝ አለው። ባለሙያው አዲስ ስም አውጥቶ የከፈተ እንደ ሆነ፣ የተመለሰው ዕቃ በአሮጌው ስም ተዘግቶ ከጎን ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩም ባለቤቱን እንደ እንግዳ ቈጥሮ ፈቃድ ይጠይቀዋል። ዲስኩ ሳይጸዳ አዲሱ ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ተጭኖ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ሁሉ ዊንዶውስ ኦልድ በተባለ ፎልደር ይከማቻል። ነገር ግን ወደ አዲስ ዊንዶውስ በተሻገረ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ፎልደር ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ጊዜ ይጠፋልና መዘግየት አይገባም። ዋንድራይቭ የሚሠራበት ቤትም ቢሆን ጽሑፎቹ በዚያው ስም በተጠራው ፎልደር ውስጥ መፈለግ አለባቸው። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉ ነበር፤ ማስረጃውን የሚሻ ሰው የመጽሐፉን ስም ብቻ አይቶ ቢመለስ ኖሮ ርስቱን ባጣ ነበር። ስለዚህ በፎልደሩ ስም ሳይታለሉ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ኮምፒዩተር ፋይሎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ጥር 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በጥምቀት በዓል የተነሣውን ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው በ2011 ሳይሆን በጃንዋሪ 19 ቀን 2019 ሥር ያገኘዋል። ደግሞም ፋይል ከግልባጭ ሲቀዳ የተፈጠረበት ቀን ተብሎ የሚጻፈው የተቀዳበት ዕለት ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻ የታረመበት ቀን ግን እንደ ነበረ ይቈያል። ስለዚህ ፋይሎቹን በታረሙበት ቀን መደርደር ይሻላል። በፎቶግራፍም ረገድ ካሜራው በሥዕሉ ውስጥ የጻፈው ቀን ይበልጥ የታመነ ምስክር ነው።

ሦስተኛውና ለእኛ ለአማርኛ ጸሓፊዎች የተለየው ችግር ፊደሉ ነው። ሰው «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ እንደ ሆኑ ያውቃል፤ ኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱን ፊደል በየራሱ ቍጥር ስለሚያውቀው አንዱን ሲጠሩት ሌላውን አያመጣም። ስለዚህ በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ እየለዋወጡ መፈለግ ነው፤ ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ እንደ ሆነም መሞከር ይገባል።

ከዚህም የሚብስ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ሁሉ የፊደል መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጻፈው በየኩባንያው ልዩ የፊደል መልክ ነበር። እንዲህ ያለው ፎንት የሚቀመጠው ከጽሑፉ ተለይቶ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ስለ ሆነ፣ የግል ፋይል ብቻ የተገለበጠ እንደ ሆነ ከጽሑፉ ጋር አይመለስም። ደብዳቤው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል፤ ባለቤቱም «ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል። ነገሩ ግን የቀድሞውን ፎንት እንደ ገና መጫን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የአባት ቃል እንደ ተጻፈ ይነበባል። በኋላም ወደ ዩኒኮድ አዛውሮ ማስቀመጥ ከተመሳሳይ ድንጋጤ ያድናል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለ፣ የሚሻለው በእርጋታ መሥራት ነው። ኮምፒዩተሩን ለጥገና ከመስጠት በፊት የዋና ዋናዎቹን ጽሑፎች ስምና ብዛት በወረቀት መጻፍ፣ ሲመለስም በዚያ መዝገብ ማመሳከር ነው። በስም ያልተገኘውን በዓይነቱ ወይም በትልቅነቱ መፈለግ ይቻላል። ከተሰረዘበት ዲስክ ላይ ማዳን የሚያስፈልግ ቢሆን በዚያ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር ከቶ አለመጻፍ ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ቦታ ላይ ተጽፎ ያጠፋዋልና። ለወደፊቱም ከዋናው ጋር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ በዘመድ ዘንድ እንዲኖር ማድረግ መልካም ነው፤ የአቃቂ ወንዝ በክረምት ሲሞላ በዳርቻው ያለ ቤት ሣጥኑንም ኮምፒዩተሩንም በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የቤቱ ሰዎች በአንድነት ተቀምጠው ፎቶግራፉን በዐይናቸው አይተው፣ ደብዳቤውንም ከፍተው ሳያነቡ ግልባጩ ያለበት ዲስክ አይጽዳ፤ ለማንም አይሰጥ።