የቢላው ስምና የቢላው ብረት

አንድ ቢላ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ሌላ መግዛት ሲመጣ የአብዛኛው ሰው ዓይን የሚያርፈው ስለቱ ላይ የተቀረጸው ስም ላይ ነው። «ያኛው እንዲህ ካገለገለኝ ይሄኛውማ የዚያው ቤት ልጅ ነው» ይባላል። ክርክሩ ውሃ የሚያነሳ ይመስላል። ግን ስም ይሸጣል፣ ይገዛል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ሁለትና ሦስት ዓይነት ዕቃ ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ሞዴል ዛሬ የሚሠራው ማን እንደሆነና ብረቱን እንዴት እንዳጠነከረው ነው እላለሁ።

የአሜሪካው ቢላ ሠሪ ሽሬድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ኒውዮርክ ግዛት፣ ኤለንቪል የነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ስሙ ግን አልሞተም፤ ሌላ ኩባንያ ገዛውና ቻይና በተሠሩ ቢላዎች ላይ ይታተም ጀመር። በአያቱ ሽሬድ የተማመነ የልጅ ልጅ ከሱቅ ይዞ የሚወጣው ስሙንና የእጀታውን መልክ ነው፤ ብረቱን ያጠነከሩት ሰዎች ከሥራ ከተሰናበቱ ቆይተዋል። ቻይና የተሠራ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፣ እዚያም እጅግ ጥሩ ቢላ ይሠራል። የድሮው ቢላ ለአዲሱ ምስክር መቆም አይችልም ነው የምለው። የፈረንሳዩ ሳባቲዬ ደግሞ ይብሳል፤ ስሙ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ በርካታ ሠሪዎች ይጠቀሙበታል፤ ከፊቱ ሌላ ስም ካልተጨመረበት ማን እንደሠራው አይታወቅም።

የጀርመኗ ሶሊንገን ይህን ቀዳዳ በሕግ ለመድፈን ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ሕግ ስሟን ጠበቀላት፤ በ1994 የወጣው ደንብም ዋና ዋናዎቹ የአሠራር ደረጃዎች በከተማዋ አካባቢ ያልተከናወኑለት ስለት ስሟን እንዳይሸከም ያዝዛል። ከተማዋ ለእኛም ባዳ አይደለችም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያ ከገቡት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው የሶሊንገን ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ስም ከሌለው ይሻላል፣ አልክድም። ቢሆንም ይህ ቢላ ሥጋ ለመበለት ይሁን እንጨት ለመፍለጥ፣ ቶሎ ይደንዝ ወይስ ይቆይ፣ ከማኅተሙ ማንበብ አይቻልም።

ዋናው ነገር ያለው እሳቱ ላይ ነው። ተራ የካርቦን ብረት 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ይግላል፣ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ እጅግ ይጠነክራል፣ ግን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ከዚያ 200 ዲግሪ አካባቢ ድጋሚ ሲሞቅ ከጥንካሬው ትንሽ አጥቶ ሳይሰበር የመቻል አቅም ያገኛል። እዚህ ላይ የተዛነፈውን ውድ ብረትም ሆነ ያማረ እጀታ አያቃናውም። ባክ የተባለው የአሜሪካ ቢላ ሠሪ ኩባንያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው 420ኤችሲ የተባለ ብረት በብረት ወዳጆች ዘንድ ተራ ተብሎ የሚናቅ ነው፤ ባክ ግን በሙቀት አያያዝ ባለሙያው በፖል ቦስ ዘዴ በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 58 ገደማ ስለሚያደርሰው ስለቱ ይቆያል። ያው ብረት በግዴለሽ እጅ ሲያልፍ ልፍስፍስ ሆኖ ይወጣል። የባክ ስም ደግሞ ቻይና በሚሠሩ ርካሽ ሞዴሎች ላይም አለ፤ እና ስለ አንዱ የተነገረ ምስጋና ለሌላው አይተላለፍም።

«ገዢ ምድጃም መለኪያም የለው፤ ታዲያ ከስም ሌላ በምን ይመን?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ስምም ጊዜ ይቆጥባል። ግን ዓይንና እጅም ያን ያህል ምስኪን አይደሉም። ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ መብራት ስር መያዝ ነው፤ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፣ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከታየ እዚያ ቦታ ደንዟል ወይም ታጥፏል። ጫፉ አካባቢ ሰማያዊ ቀለም ካለ ሲሞረድ ከልክ በላይ ሞቋል፣ ጥንካሬውም ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱ ጎን እኩል መሞረዱን፣ ብረቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ክፍተት አለመኖሩን ማየት ነው። ከተገዛ በኋላ ደግሞ ቢላ ሠሪዎች የሚያደርጉት ፍተሻ አለ፤ ስለቱን በናስ ዘንግ ላይ ዘንበል አድርጎ ቀስ ብሎ መጫን። የስለቱ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ እንደተጣመመ ከቀረ ለስላሳ፣ ከተሸረፈ ደረቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚፈቅድ ባለሱቅ ያለ አይመስለኝም፤ በመመለሻው ቀነ ገደብ ውስጥ መሞከር ግን ይቻላል።

ዋጋ ጥራትን ይነግራል የሚሉትን ደግሞ የስዊድኑ ሞራ ያሳፍራቸዋል። ኮምፓኒየን የተባለው ሞዴሉ ከርካሾቹ አንዱ ሆኖ ሳለ ብረቱ በደንብ የተያዘ ነው፤ ጎኑ አንድ ወጥ ተዳፋት ስለሆነ ጀማሪም በድንጋይ ይስለዋል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጅራት እስከ መጨረሻው አይደርስም፣ ስለዚህ በመዶሻ እየመቱ እንጨት ሊፈልጡበት አይገባም። ለዚያ ያው ቤት ጅራቱ ሙሉ የሆነ ጋርበርግ የሚባል ሌላ ይሠራል፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ። አንድ ስም፣ ሁለት የተለያየ ሥራ።

የቀረው የዕድሜ ልክ ዋስትና ነው። ሠሪው በዕቃው እንደሚተማመን ስለሚያሳይ በማስረጃነት እቀበለዋለሁ። ግን የተበላሸውን ቢላ ከአዲስ አበባ አሜሪካ ድረስ ለመመለስ የሚጠየቀው የመላኪያ ሂሳብ ከቢላው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ እዚህ ለሚገዛ ሰው ዋስትናው ተጨማሪ ብር የሚያስከፍል ምክንያት አይመስለኝም።