የለጋሹ ደም ምን ይመሰክራል?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ይታወሳል። ከጅቡቲ በሚመጣው አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ ላይ የምትገኘው ድሬዳዋም ከሥጋቱ ውጭ ልትሆን አልቻለችም። በየዕለቱ ይነገር የነበረው አኃዝ ግን ተመርምረው በሽታው የተገኘባቸውን ብቻ የሚቆጥር ነበር። ሕመሙ ሳይሰማው ፋብሪካ ውሎ፣ ገበያ ወጥቶ የተመለሰው ሰው አልተቆጠረም። «ሆስፒታሉ ካልሞላ በሽታው የለም» የሚለው አደገኛ አስተሳሰብ ሥር የሰደደውም ከዚሁ ጉድለት ነው።

ጉድለቱን ለማረም ሳይንስ መንገድ አለው። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል የተባለውን መከላከያ ያመርታል፤ ይህም ሰውየው ከዳነ በኋላ እንኳ ለወራት በደሙ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የተለገሰ ደም ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ስለሚመረመር ናሙናው አስቀድሞ በእጅ አለ። ቤት ለቤት መዞር ሳያስፈልግ የወረርሽኙን ስፋት በአነስተኛ ወጪ መገመት ይቻላል ማለት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህንኑ አድርጋለች። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከ3,000 በላይ የለጋሾች ናሙና ተመርምሮ፣ ከተስተካከለ ስሌት በኋላ 4.3 በመቶው ፀረ እንግዳ አካሉ እንዳለው ታወቀ። በምርመራ የታወቁት ሕሙማን ጥቂት ሺህ በነበሩበት ወቅት፣ ይህ አኃዝ በቫይረሱ የተያዘው ሕዝብ ከሚሊዮን በላይ መሆኑን አመለከተ።

በድሬዳዋ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጥናት ተካሂዷል። ጥናቱ ያተኮረው በደም ለጋሾች ላይ ሳይሆን ሰው በብዛት በሚሰባሰብባቸው ሥፍራዎች በሚገኙ፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ በሆኑ ነዋሪዎች ላይ ነበር። ከተመረመሩት 684 ሰዎች 3.2 በመቶው ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኝቶባቸዋል። ይህን አኃዝ «ጥቂት ነው» ብሎ መዘናጋት ስሕተት ነበር። ከመቶው ዘጠና ሰባት ያህሉ ገና ለበሽታው የተጋለጡ ነበሩና።

አኃዝ ግን በጭፍን አይታመንም። በመጀመሪያ፣ ደም የሚለግሰው ማን ነው? ለአካለ መጠን የደረሰና ጤነኛ የሆነ ሰው ነው። ሕፃኑ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ በቀፊራ ገበያ የምትውለው አሮጊት በዚህ ናሙና ውስጥ የሉም። ሁለተኛ፣ መመርመሪያው ይሳሳታል። ከ1,000 ሰዎች 30ዎቹ በእርግጥ ተይዘው የነበሩ ቢሆኑና መሣሪያው ካልተያዙት መካከል ከመቶ አንዱን ብቻ በስሕተት «ተይዟል» ቢል፣ ወደ 10 የሚጠጉ ሰዎች ያለ አግባብ ይቆጠራሉ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ቶሎ ያረጃል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የጤና ሠራተኞች ዘንድ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. 10.9 በመቶ የነበረው፣ በየካቲት 2013 ዓ.ም. 53.7 በመቶ ደርሷል። የስድስት ወር አሮጌ አኃዝ ይዞ የሚወሰን ውሳኔ ሕዝብን ለአደጋ ያጋልጣል።

የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ማብቃቱ ቢገለጽም ጉዳዩ አልተዘጋም። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊን፣ በ2011 ዓ.ም. የቺኩንጉንያን ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። ስለዚህ የለጋሾችን ደም በየጊዜው መመርመር ወረርሽኝ ሲነሣ ብቻ የሚታሰብ ሳይሆን ዘወትር የሚሠራበት ልማድ መሆን እንዳለበት እናምናለን።

ከሁሉም በላይ ይህ ሥራ በሕዝብ አመኔታ ላይ የቆመ ነው። ለጋሹ ደሙ ለምን እንደሚመረመር ሊነገረውና ፈቃዱ ሊጠየቅ ይገባል፤ ስሙ ሊጠበቅለት፣ ጥቅል ውጤቱም ወደ ቀበሌውና ወደ ሥራ ቦታው ሊመለስ ይገባል። የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞችም በየስብሰባቸው «የተቆጠረው ማን ነው? ያልተቆጠረውስ?» ብለው የመጠየቅ ኃላፊነት አለባቸው። በሽታ ከመጋላ ወደ ከዚራ ለመሻገር የደቻቱን ድልድይ አይጠብቅምና!