ክሊንጎኖች ቀደሙን!

የፈረንጅ ሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ፊልም የምትወዱ ሁሉ አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ እዚያ ውስጥ የምታዩዋቸው ኮምፒውተሮች ጌጥ ናቸው፡፡ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ይንዠቀዠቃል፣ አንድ ፊደል በተነካ ቁጥር ጢጥ ይላል (የመሥሪያ ቤታችሁ ኪቦርድ በየፊደሉ ጢጥ ቢል ስንት ደቂቃ ትታገሱት ነበር?)፡፡ ይሄ ሁሉ የሚደረገው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ነው፡፡ እስከዚህ ድረስ ጸብ የለንም፡፡ ፊልም ነው፣ ያጊጥ፡፡

ለምሳሌ ስታር ትሬክን እንውሰድ፡፡ በ1987 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በጀመረው «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የመርከቧን ስክሪኖች የነደፈው ማይክል ኦኩዳ ነበር፡፡ እኛ አፋችንን ከፍተን ያየናቸው እነዚያ ብርቱካንማና ሐምራዊ ሰሌዳዎች አብዛኞቹ ስክሪን እንኳ አልነበሩም፤ ከኋላቸው መብራት የበራባቸው ባለቀለም ፕላስቲኮች ናቸው፡፡ እውነተኛ ስክሪን በዚያ ብዛት መደርደር ውድ ነበራ! በላያቸው ያሉት ቁጥሮች ብዙዎቹ ትርጉም የላቸውም፡፡ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ሠሪዎቹ የእርስ በርስ ቀልዳቸውን ይሸጉጡ ነበር፡፡ ተዋናዮቹ ያንን ፕላስቲክ በጣታቸው እየነካኩ ጋላክሲ ያድናሉ፡፡ ጎበዞች!

እኛ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ቁጭ ብለን፣ በተጫጫረ ኮፒ ዲስክ ይህን ሁሉ ስንኮመኩም አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ አደግን፡፡ ይሄ የወደፊት ዘመን ለምንድን ነው እንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራው? ከሌላ ፕላኔት የመጣው ባለሰማያዊ ቆዳ ሳይቀር በ«ዩኒቨርሳል ትራንስሌተር» አማካይነት እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፡፡ ኡሁራን አስታውሱ፡፡ ስሟ ራሱ ነፃነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፡፡ በ1967 በታየ አንድ ክፍል ማሽን ትዝታዋን ያጠፋባትና ማንበብ ከሀ ሁ ትጀምራለች፡፡ ግራ ሲገባት በስዋሂሊ ትናገራለች፤ ነርሷ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛው ትመልሳታለች፡፡ ኮከብ ለኮከብ በሚዘለልበት ዘመን!

«ፊልም ነው፣ ምን አካበዳችሁ?» የሚለን አይጠፋም፡፡ እሺ፣ እንግዲያው ስሙ፡፡ በዚያች መርከብ ሰዎቹ «ኮምፒውተር!» ብለው ይጣራሉ፣ ማሽኗ በሜጀል ባሬት ድምፅ ትመልሳለች፡፡ አማዞን በ2014 አሌክሳን ሲያመጣ መነሻው ያ የስታር ትሬክ ኮምፒውተር መሆኑን ጄፍ ቤዞስ ራሱ ተናግሯል፡፡ ጎግልም በ2011 ይሠራው ለነበረው የድምፅ ረዳት የሰጠው የጓዳ ስም «ሜጀል» እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል፡፡ ስለዚህ ያ ፊልም ነገ ምን እንደሚሠራ ይወስናል፡፡ ፊልሙ የረሳውን ሰው ደግሞ ፋብሪካውም ይረሳዋል፡፡

ክሊንጎንን እንመልከት፡፡ ማርክ ኦክራንድ የተባለ የቋንቋ ምሁር ለስታር ትሬክ ብሎ ያበጀው፣ ገበያ የማይወጣበት፣ ለቅሶ የማይደረስበት ቋንቋ ነው፡፡ የማይክሮሶፍቱ ቢንግ ትራንስሌተር ክሊንጎንን የጨመረው በ2013 ነው፡፡ ጎግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በ2016! ኩባንያዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ግን ሦስት ዓመት ሦስት ዓመት ነው፡፡ በአንዱ ግን ረትተናቸዋል፡፡ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የክሊንጎን ፊደል በ2001 «አይሆንም» ተብሎ ተመልሷል፡፡ ይሄም ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ለፍተዋል፡፡

ወደ ዋናው ቁምነገር እንምጣ፡፡ ከኮምፒውተር ጋር በአፍ መነጋገር ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለማን ነው? በአስር ጣቱ ለሚተይብ የካሊፎርኒያ ጎረምሳ? ወይስ ፊደል ላልቆጠሩት እትዬ? 18 ማዞሪያ ያለ ማንኛውም የሞባይል ሱቅ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቁሙና እዩ፡፡ አንዲት እናት ስልካቸውን ለልጁ ይሰጣሉ፤ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ለእህቴ ላክልኝ» ይላሉ፡፡ ከዚያ የሚስጥር ቁጥራቸውን ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለው ይነግሩታል፡፡ ልጁ ጨዋ ከሆነ እሰየው፡፡ ካልሆነስ? በ2021 የጀመረው ቴሌብር በአማርኛም ይሠራል፣ ተመስገን፤ ግን ማንበብ ለማይችል ሰው የአማርኛው ምናሌና የእንግሊዝኛው ምናሌ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ያቺ የጠፈር መርከብ ለሰው ልጅ የገባችው ቃል «ተናገር፣ እሰማሃለሁ» የሚል ነበር፡፡ ቃሉ ተፈጸመ፤ የደረሰው ግን ማንበብም መጻፍም ለማይቸግራቸው ሰዎች ነው፡፡

ጎግል ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የተነገረውን ይጽፋል፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ሰሞኑን ጉድ የተባለላቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም አማርኛ ይሞክራሉ፤ አንዳንዴ ግን ትናንት ከቦሌ የገባ ዲያስፖራ ይመስላሉ፡፡ የሚሉትን መጻፍና የሚሉትን ፈጽሞ «እትዬ፣ መቶ ብር ለእህትዎ ደርሷል» ማለት ደግሞ ለየቅል ናቸው፡፡

ሌላም አለ፡፡ ስታር ትሬክ «ስታርዴት» የሚባል የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው፡፡ ካፒቴኑ ክፍሉን የሚጀምረው እሱን እየጠራ ነው፡፡ ማንም ተመልካች «ይሄ ነገር ከሲስተሙ ጋር አይሄድም» ብሎ ሲያማርር አልሰማንም፡፡ አሥራ ሦስት ወር አለን፣ ቀኑ ከንጋት ይቆጠራል ስንል ግን እኛው ራሳችን «ለሶፍትዌር ያስቸግራል» እንላለን!

የሀገራችን የፊልም ሰዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም፡፡ ሀከር ሲባል ኮፍያ ያለው ሹራብ፣ ጨለማ ክፍል፣ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚወርድ አረንጓዴ እንግሊዝኛ፡፡ በቃ! አማርኛ እየተናገረ አማርኛ የሚሰማ ማሽን የሚያዝ ገጸ ባሕርይ ማን ጻፈልን? ስፔናዊው ሚጌል ልያንሶ በ2015 ባወጣው «ክራምብስ» ውስጥ ሰዎቹ በወደፊቱ ዘመን አማርኛ ያወራሉ፡፡ ደስ ብሎን ነበር፤ ችግሩ ያ ዘመን ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ ያለ ነው፡፡ ሰዎቹ የድሮ ፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ውድ ቅርስ ያያሉ፡፡ ፊልሙ ግሩም ነው፤ ግን አማርኛችን ወደ ነገ የገባው ማሽኑ ሁሉ ቆሻሻ ከሆነ በኋላ መሆኑ አልዋጥልን ብሏል፡፡

ስለዚህ ድራማ ጸሐፊ ሆይ፣ በሚቀጥለው ክፍል ሀከርህ የባንኩን በር ሲያንኳኳ ስክሪኑ ላይ «መግባት አይቻልም» ብለህ ጻፍልን፡፡ ለጌጥም ቢሆን፡፡ የአማርኛ ፎንት እንደሆነ በነፃ ይገኛል፤ አቢሲኒካን አውርድና ጀምር፡፡